በወንፊት ያለፈ ሁሉ ዱቄት አይደለም፦ ስለ ሙሉ ቁጥሮች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለተማሪዎችና ለወላጆች ታስቦ የተዘጋጀ፣ የሙሉ ቁጥሮችን ጠባይ የሚያብራራ አንድ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። አጻጻፉ ለዛ አለው፤ ልጆች ሒሳብን እንዳይፈሩ የጸሐፊው ምኞት መሆኑም ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይነበባል፤ በዚህ ረገድ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም። ይሁን እንጂ በእርግጠኝነት ከቀረቡት ነጥቦች ብዙዎቹ ስሕተት ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ግማሽ እውነት ናቸው። ግማሽ እውነት በሒሳብ ከለየለት ስሕተት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል፤ ተማሪው በሦስት ወይም በአራት ምሳሌ ሲሞክረው ይሠራለታልና።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው 1 ብቸኛ ቁጥር (ብዙዎች ፕራይም የሚሉት፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብለው ይጀምራሉ፤ ቀጥለውም ከ6 ብዜት በአንድ ያነሰ ወይም በአንድ የበለጠ ቁጥር ሁሉ ብቸኛ ነው የሚል መፈተኛ ይሰጣሉ፤ ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ ያወጣል ያሉትንም ቀመር ያክላሉ። ከዚያ የአንድ ቁጥር አካፋዮች ብዛት ምን ጊዜም ተጋማሽ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) እንደሆነ፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን አካፋዮቹ እንደሚበዙ፣ ካሬ ቁጥርን (አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን) በመጨረሻ አኃዙ መለየት እንደሚቻል፣ ሁለት ዑደቶች የሚገናኙት በብዜታቸው እንደሆነ፣ ኮምፒዩተርም የመጨረሻውን ብቸኛ ቁጥር እንዳገኘ ይነግሩናል። ብቸኛ ቁጥሮች ከፈተና ክፍል ውጭ ፋይዳ እንደሌላቸው ጠቁመውም ጽሑፉን በመልመጃ ይዘጋሉ።

ነጥቦቹ የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው። «ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ይህ ጠባይ አለው» የሚለውን እውነት ገልብጠው «ይህ ጠባይ ያለው ሁሉ ብቸኛ ቁጥር ነው» ያደርጉታል። የእኛ እናቶች ዱቄት ሲነፉ ወንፊቱ ላይ የቀረው ዱቄት እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ በወንፊቱ ያለፈው ሁሉ ግን ዱቄት ነው ብለው አይምሉም፤ አፈርም ያልፋል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ለሁለት እኩል የሚከፈለውን ቁጥር «ሙሉ»፣ የማይከፈለውን «ጎዶሎ» እንላለን፤ የመኪና ታርጋ ሲለይም የምንሰማው ይህንኑ ነው። የሒሳብ መጻሕፍት ግን «ሙሉ ቁጥር» የሚሉት ክፍልፋይ የሌለበትን ቁጥር ስለሆነ፣ እንዳይምታታ እኔ «ተጋማሽ» እና «ኢተጋማሽ» እያልሁ እቀጥላለሁ። «ብቸኛ ቁጥር» የምለው ብዙዎች ፕራይም የሚሉትን ነው፤ «አካፋይ» ስልም አንድን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ 1ን ይመለከታል። ጸሐፊው ብቸኛ ቁጥር ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል ነው ካልን 1ም ይህን ያሟላል፤ ከዝርዝሩ ያስወጡት ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት ነው ያስወጡት ይላሉ። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። 1 ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር የሚቆጠርበት ዘመን ነበር፤ የሒሳብ ሊቁ ክርስቲያን ጎልድባክ እ.ኤ.አ. በ1742 ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ 1ን ብቸኛ አድርጎ ቆጥሯል፤ አሜሪካዊው ዴሪክ ኖርማን ሌመር እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተመው ትልቅ የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝርም የሚጀምረው በ1 ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የስምምነት ነው ማለት ይቻላል። ያለ ምክንያት የተደረገ ስምምነት ነው ማለት ግን አይቻልም።

ምክንያቱ የሚታየው ቁጥሮችን ስንበትን ነው። 60ን ወስደን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብንበትነው 2×2×3×5 ይሆናል፤ ከ6×10 ብንነሳ፣ ከ4×15 ብንነሳ፣ ከ5×12 ብንነሳ መጨረሻችን ያው ነው፤ የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር በአንድ መንገድ ብቻ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ይበተናል፤ ስለ አካፋይና ስለ ብዜት ከምናውቀው አብዛኛው የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። 1ን ወደ ዝርዝሩ ካስገባነው ግን 60 ማለት 1×2×2×3×5 ነው፤ 1×1×2×2×3×5ም ነው፤ እንዲህ እያልን ማለቂያ በሌለው መንገድ መበተን እንችላለን፤ «አንድ መንገድ ብቻ» የሚለው ቃልም ይፈርሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው የኤራቶስቴንስ ወንፊትም ቢሆን አይሠራም፤ ወንፊቱ እያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር ይዞ ብዜቶቹን ይሰርዛል፤ ከ1 ቢጀምር በመጀመሪያው እርምጃ የቀሩትን ቁጥሮች ሁሉ ይሰርዛቸዋል። ብቸኛ ቁጥር ማለት በትክክል ሁለት የተለያዩ አካፋዮች ያሉት ቁጥር ነው ብንል ክርክሩ ይዘጋል፤ 1 ያለው አንድ አካፋይ ብቻ ነውና።

ሁለተኛው ነጥብ የ6 መፈተኛ ነው፤ ስሕተቱ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየውም እዚህ ነው። እውነቱ እንዲህ ነው። ማንኛውም ቁጥር ለ6 ሲካፈል ቀሪው ከ0 እስከ 5 ካሉት አንዱ ነው። ቀሪው 0፣ 2 ወይም 4 ከሆነ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው፤ ቀሪው 3 ከሆነ ለ3 ይካፈላል። ስለዚህ ከ2 እና ከ3 በስተቀር ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ6 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 5 መሆን አለበት። ይህ ያማረ እውነት ነው፤ ለማረጋገጥም ከአንድ አንቀጽ በላይ አይፈጅም። ጸሐፊው ግን ገልብጠው ቀሪው 1 ወይም 5 የሆነ ሁሉ ብቸኛ ነው ብለዋል፤ ለምሳሌም 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እና 23ን ጠቅሰው ቆመዋል። አንድ እርምጃ ቢጨምሩ 25ን ያገኙ ነበር።

ምን ያህል እንደሚያሳስት እንቁጠር። እስከ 100 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ በዚህ መፈተኛ የሚያልፉት ከ5 ጀምሮ 32 ናቸው፤ ከእነዚህ 25፣ 35፣ 49፣ 55፣ 65፣ 77፣ 85፣ 91 እና 95 ብቸኛ አይደሉም። እስከ 1,000 ስንሄድ 332 ቁጥሮች ያልፋሉ፤ ብቸኛ የሆኑት ግን 166 ብቻ ናቸው፤ ይህም በትክክል ግማሽ ነው። እስከ 1,000 ድረስ መፈተኛውን ያለፈን ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ መናገር ሳንቲም ወርውሮ ከመፍረድ አይሻልም ማለት ነው፤ ቁጥሮቹ ባደጉ መጠን ደግሞ ከሳንቲሙም ይብሳል። መፈተኛውን አንጣለው፤ ማስወጫ ነው እንጂ ማስገቢያ አይደለም ብለን እናስተምረው።

ከዚሁ ጋር የቀረበው ቀመር የታወቀ ነው። አንድን ቁጥር በራሱ አባዝተን፣ ቁጥሩን ራሱን ደምረን፣ 41 ስንጨምርበት ብቸኛ ቁጥር ይወጣል የሚለው ሐሳብ መነሻው ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ያስተዋለው ነገር ነው። ጸሐፊው ተማሪዎች ከ1 እስከ 10 እንዲሞክሩት ይጋብዛሉ፤ የሞከረ ሁሉ አንድም ስሕተት አያገኝም። እስከ 20 ቢሞክርም አያገኝም፤ እስከ 39 ድረስ ቢለፋ እንኳ ከ0 ጀምሮ ያሉት 40 ውጤቶች በሙሉ ብቸኛ ናቸው። ነገሩ የሚሰበረው 40 ላይ ነው፤ 40×40 ሲደመር 40 ማለት 40×41 ነው፤ በዚያ ላይ 41 ሲጨመር 41×41 ይሆናል፤ ይኸውም 1,681 ነው። ብቸኛ መሆኑ ቀርቶ ካሬ ቁጥር ሆኖ አረፈው። አርባ ጊዜ ተከታትሎ የሠራ ነገር በአርባ አንደኛው ሊከዳ እንደሚችል ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ጸሐፊው በእጃቸው ይዘውት ለተቃራኒው ተጠቀሙበት።

ሦስተኛው ነጥብ ስሕተት ሳይሆን ብክነት ነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ እስከ ግማሹ ባሉት ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ይገባል ይላል ጽሑፉ። እንደዚያ ያደረገ ሰው አይሳሳትም፤ ግን ቀኑን ይጨርሳል። ከዘመን ቁጥሮቻችን አንዱን፣ 2017ን፣ እንውሰድ። በጸሐፊው መንገድ ከ2 እስከ 1,008 ባሉት ቁጥሮች 1,007 ጊዜ ማካፈል ያስፈልጋል። ነገር ግን 2017 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ 2017ን ከሚሰጠው ቁጥር) በላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱም ከ45 የማያንሱ ቢሆኑ ብዜታቸው ቢያንስ 45×45፣ ማለትም 2,025 በሆነ ነበር። ስለዚህ ከ45 በታች አካፋይ ካልተገኘ ጭራሹኑ የለም። ከዚህም በላይ በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ማካፈል ይበቃል፤ ለ6 የሚካፈል ቁጥር አስቀድሞ በ2 ተይዟልና። የሚቀሩት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41 እና 43 ናቸው፤ አሥራ አራት ማካፈል ብቻ። አንዳቸውም ያለ ቀሪ አያካፍሉትም፤ 2017 ብቸኛ ነው። 1,007 የነበረው ሥራ 14 ሆነ፤ ይህን ያደረገው ካሬ ቁጥር ነው፤ ጸሐፊው ግን ካሬ ቁጥርንና ብቸኛ ቁጥርን በሁለት የማይገናኙ ምዕራፎች ለያይተው አስቀምጠዋቸዋል።

አራተኛው ስለ አካፋዮች ብዛት ነው። አካፋዮች በጥንድ ይመጣሉ ማለታቸው ትክክል ነው፤ 12ን ብንወስድ 1 ከ12፣ 2 ከ6፣ 3 ከ4 ጋር ይጣመራሉ፤ ስድስት አካፋዮች ናቸው። ነገር ግን 36ን እንመልከት፤ 1 ከ36፣ 2 ከ18፣ 3 ከ12፣ 4 ከ9 ጋር ከተጣመሩ በኋላ 6 ብቻውን ይቀራል፤ ጥንዱ ራሱ ነው። አካፋዮቹ ዘጠኝ ሆኑ። የካሬ ቁጥሮች ምልክት ይኸው ነው፤ የአካፋዮቹ ብዛት ኢተጋማሽ የሆነ ቁጥር ካሬ ነው፤ ካሬ የሆነም ሁሉ የአካፋዮቹ ብዛት ኢተጋማሽ ነው። ይህኛው በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ እውነት መሆኑን ልብ ይሏል፤ እስከ አሁን ካየናቸው የሚለየውም በዚህ ነው።

ለምን እንደሆነ በብተናው በኩል ማየት ደግሞ የበለጠ ያረካል። 360 ሲበተን ሦስት ጊዜ 2፣ ሁለት ጊዜ 3 እና አንድ ጊዜ 5 ነው። የ360 አካፋይ ለመሥራት 2ን ምንም ሳንወስድ፣ ወይም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ወስደን መጀመር እንችላለን፤ አራት ምርጫ ነው። ለ3 ሦስት ምርጫ፣ ለ5 ሁለት ምርጫ አለን፤ 4×3×2 ሲባዛ 24 አካፋዮች ይሆናሉ። አንድም አካፋይ መዘርዘር አላስፈለገንም። ካሬ ቁጥር ሲበተን እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው በተጋማሽ ብዛት ነው፤ አንድ ሲጨመርበት ኢተጋማሽ ይሆናል፤ የኢተጋማሾች ብዜትም ኢተጋማሽ ነው። ቁጥር ባደገ መጠን አካፋዮቹ ይበዛሉ የሚለው ሐሳብ ውድቅ የሚሆነውም ከዚሁ ነው፤ ብዛቱን የሚወስነው የቁጥሩ ግዝፈት ሳይሆን የተሠራበት ነገር ነው። 60 አሥራ ሁለት አካፋዮች አሉት፤ ጎረቤቱ 61 ሁለት ብቻ፤ 10,007ም ያለው ሁለት ብቻ ነው። ሰዓት በ60 ደቂቃ፣ ክብ በ360 ዲግሪ መከፈሉ የሚመቸው ትልቅ ቁጥሮች ስለሆኑ ሳይሆን በብዙ መንገድ ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ ነው።

የካሬ ቁጥር መለያ ተብሎ በቀረበው አምስተኛ ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ያው የወንፊቱ ነገር ነው። ካሬ ቁጥር በ2፣ በ3፣ በ7 እና በ8 አይጨርስም፤ ይህ እውነት ነው። በ0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 እና 9 የሚጨርስ ሁሉ ካሬ ነው ማለት ግን ከ1 እስከ 100 ካሉት ውስጥ 60 ቁጥሮችን ካሬ ማድረግ ነው፤ እውነተኞቹ ካሬዎች አሥር ናቸው። ሌሎች ወንፊቶችም አሉ፤ ካሬ ቁጥር ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ወይም 1 ነው፤ የአኃዞቹ ድምር እስከ አንድ አኃዝ ሲደመርም 1፣ 4፣ 7 ወይም 9 ይሆናል። ሦስቱንም ደራርበን ብንጠቀም ብዙ እናጣራለን፤ ሆኖም 61 ሦስቱንም አልፎ ይወጣል፤ በ1 ይጨርሳል፣ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፣ 6 እና 1 ሲደመሩ 7 ናቸው፤ እርሱ ግን ካሬ ሊሆን ይቅርና ብቸኛ ቁጥር ነው።

ስድስተኛው ነጥብ ለእኛ አንባቢዎች ቅርብ ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። ጸሐፊው ሁለት ዑደቶች የሚገናኙበትን ጊዜ ለማግኘት ሁለቱን ማባዛት ነው ካሉ በኋላ ለማስረጃ የባሕረ ሐሳብን (የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌትን) ዐቢይ ቀመር ይጠቅሳሉ፤ 28 ዓመት የፀሐይ ዑደት፣ 19 ዓመት የጨረቃ ዑደት፣ ሲባዙ 532። ስሌቱ ልክ ነው፤ ማስረጃው ግን የተባለውን አያስረዳም። 28 እና 19 ሲባዙ ትክክል የሚሆነው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው፤ 19 ብቸኛ ነው፣ 28ንም አያካፍልም። በየ4 ቀኑ የሚመጣ ነጋዴና በየ6 ቀኑ የሚውል ገበያ ዛሬ ቢገናኙ ዳግም የሚገናኙት በ24ኛው ቀን ሳይሆን በ12ኛው ነው፤ ሁለቱም ለ2 ስለሚካፈሉ አንዱን 2 ሁለት ጊዜ መቁጠር የለብንም። የሚፈለገው ብዜቱ ሳይሆን ትንሹ የጋራ ብዜት ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ከማንም በላይ የሚያስተምረው ራሱ ባሕረ ሐሳብ መሆኑ ነው። በእዚያው ስሌት ውስጥ ማዕከላዊ ቀመር የሚባል አለ፤ 76 ዓመት ነው፤ 19 በ4 ሲባዛ የሚገኝ። የጸሐፊውን ሕግ ተከትለን ማዕከላዊውን ቀመርና የፀሐይን ዑደት እናገናኝ ብንል 76×28 ብለን 2,128 ዓመት እናገኝ ነበር። ሊቃውንቱ ግን 532 ይላሉ፤ ምክንያቱም 28 ማለት 4×7፣ 76 ማለት 4×19 ነው፤ 4 በሁለቱም ውስጥ ስላለ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል፤ 4×7×19 ደግሞ 532 ነው። 4 የሠግር ዓመት፣ 7 የሳምንት ቀናት፣ 19 የጨረቃ ዑደት፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ መባዛት ያለባቸው እነርሱ ናቸው።

ተዘዋዋሪ በዓላትን ለማውጣት የሚያገለግለው የአበቅቴ ስሌትም እንዲሁ ነው። ዓመተ ዓለሙ (ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር የሚገኘው) ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ደግሞ መጥቅዕ ነው። ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12፣ ወንበሩ 11፤ 11×11 ለ30 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ 11×19 ለ30 ሲካፈል 29 ይተርፋል፤ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29፤ ድምራቸው 30። ምን ጊዜም 30 የሚሆኑት 11 እና 19 ራሳቸው ድምራቸው 30 ስለሆነ ነው። አሥራ ዘጠኙ ዓመታት አሥራ ዘጠኝ የተለያዩ አበቅቴዎችን የሚያገኙት ደግሞ 11 ከ30 ጋር የጋራ አካፋይ ስለሌለው ነው። በ11 ፈንታ 12 ቢሆን ኖሮ 12፣ 24፣ 6፣ 18፣ 0 ብሎ በአምስት ዓመት ወደ መጀመሪያው ይመለስ ነበር። ብቸኛ ቁጥር ጥቅም የለውም በሚል ጽሑፍ ውስጥ 532 መጠቀሱ ለእኔ ግርምት ነው፤ ፋሲካን የምናውለው በ19 ነውና።

ጥቅምን ካነሣን፣ ተፈጥሮም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ። በምሥራቃዊ አሜሪካ ከመሬት በታች ለዓመታት ቆይተው በአንድ ጊዜ የሚወጡ ሲካዳ የሚባሉ ነፍሳት አሉ፤ ከፊሎቹ በየ13፣ ከፊሎቹ በየ17 ዓመቱ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከሁለቱም ወገን ሁለት ታላላቅ መንጋዎች በአንድ ዓመት ወጡ፤ ከዚያ በፊት እነዚሁ መንጋዎች በአንድነት የወጡት እ.ኤ.አ. በ1803 ነበር፤ 13×17 የሆነው 221 ዓመት መካከሉ ላይ አለ። ዑደታቸው ብቸኛ ቁጥር የሆነበትን ምክንያት ተመራማሪዎች በተለያየ መንገድ ያብራሩታል፤ ክርክሩም አላበቃም። ስሌቱ ግን አያከራክርም፤ ዑደቶቹ 12 እና 18 ቢሆኑ በየ36 ዓመቱ ይጋጩ ነበር።

የሰው ሥራ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚር እና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ያወጡት የምስጢር አጻጻፍ ዘዴ የቆመው በአንድ ልዩነት ላይ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ብዜቱን ብቻ አይቶ ሁለቱን ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። 250 አኃዝ ያለው እንዲህ ዓይነት አንድ ብዜት የተበተነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ያውም በብዙ ኮምፒዩተሮች ድካም። በሥራ ላይ የሚውሉት ከ600 አኃዝ የሚበልጡ ናቸው። ከፈተና ክፍል ውጭ ፋይዳ የለውም ለተባለው ነገር ይህ የሚበቃ ይመስለኛል።

«የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር ተገኘ» የሚለው ሰባተኛ ነጥብ ምናልባት ከዜና ትርጉም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው ቁጥር 2ን 136,279,841 ጊዜ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኝ ነው፤ 41,024,320 አኃዞች አሉት። ይህ እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም፤ የመጨረሻ ብቸኛ ቁጥር የሚባል ነገር የለምና። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የነበረው የግሪክ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ይህን አረጋግጦ አልፏል። የፈለግነውን ያህል ብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር እንያዝ፤ ሁሉንም እናባዛና 1 እንጨምር። ያገኘነው ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ለየትኛውም ቁጥር ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ እርሱን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር የግድ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ዝርዝሩ ምን ቢረዝም ያመለጠው አለ።

ይህን ማረጋገጫ የሚያስተምሩ ሰዎች ራሳቸው የሚወድቁበት ጉድጓድ ስላለ ላሳይ፤ ጸሐፊውም በግርጌ ማስታወሻቸው ወድቀውበታል። የተገኘው ቁጥር ራሱ ብቸኛ መሆን አለበት ብሎ ማሰብ ነው። 2×3×5×7×11×13 ሲደመር 1 ይሆናል 30,031፤ ይህ ብቸኛ አይደለም፤ 59×509 ነው። 59 እና 509 ግን ሁለቱም ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው፤ ዩክሊድ ያለውም ይህንኑ ነው። እንዲሁ 2ን በብቸኛ ቁጥር ያህል ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር አያስገኝም፤ 2 አሥራ አንድ ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ 2,047 ነው፤ ይኸውም 23×89። ብቸኛ ቁጥሮች እየሳሱ መሄዳቸው ግን እውነት ነው፤ እስከ 100 ድረስ 25፣ እስከ 1,000 ድረስ 168፣ እስከ አንድ ሚሊዮን ድረስ 78,498 አሉ። መሳሳት ማለቅ አይደለም።

በመንገድ ላይ የተጠቀሱ ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ልለፍ። 0 ተጋማሽም ኢተጋማሽም አይደለም የሚለው ስሕተት ነው፤ ለ2 ሲካፈል ምንም ስለማይተርፈው ተጋማሽ ነው። ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው የሚለው የጎልድባክ ግምትም «የተረጋገጠ» ተብሎ ቀርቧል፤ በኮምፒዩተር እስከ 4 ቢሊዮን ቢሊዮን ድረስ ተፈትሾ አልተሰበረም፤ ማረጋገጫ ግን እስካሁን የለውም። የ41ዱን ቀመር ያየ ሰው ልዩነቱ አይጠፋውም።

በመጨረሻ መልመጃው ይቀራል። ከ51፣ 57፣ 87፣ 91 እና 119 መካከል ብቸኛውን ቁጥር ለዩ ይላል፤ መልሱም 119 ነው ተብሏል፤ ከ6 ብዜት ከ120 በአንድ ስለሚያንስ ይመስለኛል። 91ም ከ90 በአንድ ይበልጣል፤ በጸሐፊው መፈተኛ እርሱም ማለፍ ነበረበት። የ119 ዳግም ዘር ከ11 ያንሳል፤ ስለዚህ በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ማካፈል ይበቃል፤ አራተኛው ላይ 7×17 ሆኖ ይገኛል። 51 ማለት 3×17፣ 57 ማለት 3×19፣ 87 ማለት 3×29፣ 91 ማለት 7×13 ነው። ከተሰጡት ከአምስቱ ምርጫዎች ብቸኛ ቁጥር አንድም የለም፤ «መልስ የለውም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ነጥቡ ይሰጠው።